«የልጅቱ አፍንጫ የት አለ?»፦ የሕፃን ማዘያ መርጦ በደህና ለመጠቀም

ልጄ ክርስትና የተነሳችው ጥር ውስጥ ነበር፣ በ80 ቀኗ። ጎንደርን በጥር ማለዳ የሚያውቅ ያውቃታል፤ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ከሰልባጅ ተራ ያገኘኋትን ከረጢት የመሰለች ማዘያ ከትከሻዬ ወደ ጎን አንጠለጠልኩና ልጅቱን እዚያ ውስጥ አጋደምኳት። ብርድ እንዳያገኛት፣ ምች እንዳይመታት፣ የሰው ዓይንም እንዳያርፍባት ብዬ ነጠላዬን ከላይ ደረብኩ። ከዚያ ኮራ ብዬ ወጣሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስንደርስ አክስቴ ነጠላውን ገለጥ አደረገችና ደነገጠች። «አንቺ! የልጅቱ አፍንጫ የት አለ?»

አገጯ ደረቷ ላይ ተጣብቋል። አፍንጫዋ ወደ ጨርቁ ዞሯል። ፊቷ በላብ ርሷል። አላለቀሰችም፤ ድምፅ የሚባል አላሰማችም። ብድግ አድርገን ቀና ስናደርጋት ተነጫነጨችና መልሳ ተኛች። ምንም አልሆነችም፣ ተመስገን። የእኔ ጉልበት ግን ቅዳሴው እስኪያልቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን ሁለተኛው ልጄ 7 ወሩ ነው። በመሃሉ ነርሶችን ጠይቄያለሁ፣ አንብቤያለሁ፣ ከእናቴም ጋር ተከራክሬያለሁ። የሰፈር ሴቶች «ያ የምታዝዪበት ነገር እንዴት ነው?» እያሉ ሲጠይቁኝ በር ላይ ቆሜ ከማስረዳ ልጻፈው አልኩ። ጋሪ ግዙ እንዳልላችሁ፣ ጎንደር ውስጥ ጋሪ ለመግፋት የሞከረ ሰው ሁለተኛ አይሞክርም። አንዱን ዳገት ሲጨርሱ ሌላው ይጠብቃል፤ ኮብልስቶኑ ደግሞ የልጁን አንጎል ያናውጠዋል። እዚህ ልጅ ይታዘላል።

መጀመሪያ ስለ ትንፋሽ

ስለ ቀለሙና ስለ ዋጋው ከማውራታችን በፊት ይሄ ይቅደም። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር ሲነፃፀር ከባድ ነው። አንገቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጭንቅላቱን አይችለውም። የአየር መተላለፊያው ጠባብና ለስላሳ ነው። ውሃ የሚያጠጡበት ጎማ ሲታጠፍ ውሃው ቀጥ እንደሚል፣ አገጩ ደረቱ ላይ ሲወድቅም አየሩ እንደዚያ ይጨነቃል። ይሄ አንዱ መንገድ ነው። ሌላው ቀላል ነው፤ ጨርቁ ወይም የእናቱ ደረት አፍና አፍንጫውን ይደፍነዋል፣ እሱ ደግሞ ፊቱን ማዞር አይችልም። በሁለቱም ልጁ አያለቅስም። ለማልቀስም አየር ያስፈልጋላ! ዝም ሲል «ተኝቷል» እንላለን።

የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደህንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 በዚሁ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ባለፉት 20 ዓመታት ከትከሻ ላይ ከሚንጠለጠሉ ማዘያዎች ጋር የተያያዘ ቢያንስ 14 የሕፃናት ሞት እንደሚያጣራ ገለጸ። ከ14ቱ 12ቱ 4 ወር ያልሞላቸው ነበሩ። ብዙዎቹ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ፣ ክብደታቸው ያነሰ መንታ ወይም ጉንፋን የመሰለ የአተነፋፈስ ችግር የነበረባቸው ናቸው። የእኔ ልጅ ያኔ 3 ወር አልሞላትም ነበር።

«እናቶቻችን ስንቱን አዝለው አሳድገው የለ?» ትሉኝ ይሆናል። እናቴም ያለችኝ ይህንኑ ነው፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። እውነቷን ነው። በአንቀልባ የታዘለ ልጅ ቀጥ ብሎ፣ ደረቱ ከእናቱ ጀርባ ጋር ገጥሞ፣ እግሩን ከፍቶ ነው የሚቀመጠው። ጥሩ አቀማመጥ ነው። እኔ ያጠፋሁት ልጅቱን እንደ ሽንኩርት ከረጢት ውስጥ ማጋደሜ ላይ ነው። በአንድ ነገር ግን ለእናቴም አልተሸነፍኩም። የታዘለ ልጅ ፊት ላይ ነጠላም ሆነ ጋቢ አይጣልም። ለምችም ቢሆን፣ ለሰው ዓይንም ቢሆን። ፀሐይ ከሆነ ባርኔጣና ጥላ አለ። ብርድ ከሆነ ኮፍያ አለ። ጋቢው እስከ ትከሻው ይድረስና እዚያ ይቁም።

የትኛው ይሻላል?

በአንድ ቃል «ማዘያ» እንበለው እንጂ ዓይነቱ ብዙ ነው።

አንቀልባ፦ የድሮው ቆዳ ነው፣ በዛጎልና በጨሌ ያጌጠው። አሁን በጨርቅ ተሰፍቶም ይገኛል። ለጀርባ የሚሆን ነው፤ አንገቱን ላልቻለ ጨቅላ አልመክረውም። የአያታችሁን አንቀልባ ከሳጥን አውጥታችሁ ልትጠቀሙ ከሆነ ጠፍሩን በደንብ ሳቡት። ቆዳ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲያዩት ደህና ይመስላል እንጂ ክብደት ሲያርፍበት ይበጠሳል። የተሰነጠቀውን ግድግዳ ላይ ስቀሉት፣ ያምራል።

ረጅም ጨርቅ፦ አካል ላይ ተጠምጥሞ የሚታሰር ነው። ለአራስ ልጅ እጅግ ይመቻል፣ ምክንያቱም በልኩ ይጠብቃል። ችግሩ አስተሳሰሩን መልመድ ያስፈልጋል። ሲላላም ልጁ ቀስ እያለ ወደ ታች ይንሸራተታል።

ባለ ቀለበት፦ አንድ ትከሻ ላይ የሚውል፣ ጨርቁ በሁለት የብረት ቀለበት ውስጥ አልፎ የሚጠብቅ። ቀለበቱን በጣታችሁ ዙሩበት። ብየዳ ወይም ክፍተት ካገኛችሁ ተዉት። ለጌጥ የተሠራ ቀለበት ልጅ አይችልም።

ባለ ቀበቶ፦ ወገብ ላይ ሰፊ ቀበቶ፣ ሁለት የትከሻ ማንገቻና ክሊፕ ያለው። አሁን ፒያሳ ላይ ወጣት እናቶች አንግበውት የምታዩት ይሄ ነው። እኔም የምጠቀመው እሱን ነው። ክብደቱ ወገብ ላይ ስለሚያርፍ ትከሻ አይቆርጥም፤ ባለቤቴም ያለ ሐፍረት ይለብሰዋል። አንድ ቀን አራዳ ላይ አንድ ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አይተውት «ጥይት መከላከያ ነው እንዴ ልጄ?» ብለውታል።

ከረጢት መሰሉ፦ ልጁን አጋድሞ የሚይዘው፣ ጎኑ በስፖንጅ የተሞላው፣ የእኔው ዓይነት። በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ስትገዙ የምታዩት ይኸው ነው። መቀመጫው ሰፊ ይሁን፤ የልጁን ጭን ከአንዱ ጉልበት እስከ ሌላው ጉልበት ይደግፍ። በብልቱ ብቻ አንጠልጥሎ እግሩን ቁልቁል የሚያስለቅቀው ጠባብ ማዘያ ለዳሌው አይበጅም። እንደ እንቁራሪት ሆኖ፣ ጉልበቱ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ሲቀመጥ የጭኑ አጥንት በዳሌው ጉድጓድ ውስጥ በትክክል ያርፋል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ይሄ ወሳኝ ነው። ከዚያ የሚችለውን ክብደት የሚገልጸውን ጽሑፍ ፈልጉ። ብዙዎቹ ባለ ቀበቶ ማዘያዎች ከ3 ኪሎ ተኩል አካባቢ ጀምረው ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይሸከማሉ። አንዳንዶቹ ግን ለአራስ ልጅ ተጨማሪ ትራስ ይፈልጋሉ፤ ሰልባጅ ላይ ያ ትራስ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ሰልባጅ መግዛት ነውር የለበትም፣ እኔም አሁን ያለኝ ሰልባጅ ነው። ግን እያንዳንዱን ስፌት ገልብጣችሁ እዩ። ክሊፑን አሥር ጊዜ ክፈቱ ዝጉ። «ቀጭ» ብሎ የማይዘጋ ክሊፕ፣ ወይም ጥርሱ የተሸረፈ፣ ነጋዴው የፈለገውን ቢምል ይቅር።

ፊት ለፊት ማዘል፣ በባለ ቀበቶው

መጀመሪያ ያለ ልጅ ተለማመዱ። እኔ አራት ኪሎ ሽንብራ በፌስታል ቋጥሬ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ነው የተለማመድኩት። ቤተሰቡ ሲስቅብኝ ዋለ። ሽንብራው ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ልጁ አንድም ጊዜ አልወደቀም።

1. አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ወይም አልጋ አጠገብ ቁሙ። ቢያመልጣችሁ የሚያርፍበት ለስላሳ ይሁን።

2. የወገቡን ቀበቶ ከእምብርት ከፍ አድርጋችሁ አጥብቁ። ልጁ አራስ ከሆነ ይበልጥ ከፍ ይበል። በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ቀበቶው ቁስሉ ላይ እንዳያርፍ ትጠንቀቅ፤ መቼ መጀመር እንደምትችልም ሐኪሟን ትጠይቅ።

3. ልጁን አንስታችሁ ደረታችሁ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ለጥፉት፣ ፊቱ ወደ እናንተ። አንድ እጅ ሁልጊዜ ጀርባው ላይ ይሁን። ይሄ እጅ ሁሉም ክሊፕ እስኪዘጋ አይነሳም። ስልክ ቢጮህም አይነሳም።

4. የማዘያውን ጨርቅ ወደ ላይ አምጥታችሁ ጀርባውን ሸፍኑ፤ ማንገቻዎቹን አንድ በአንድ በትከሻ አሳልፉ።

5. ክሊፖቹን ዝጉ። «ቀጭ» ሲል በጆሯችሁ ስሙ፣ ከዚያም ሳብ አድርጋችሁ ፈትሹ።

6. እጃችሁን ከታች አስገብታችሁ ዳሌውን ወደ እናንተ ጠጋ፣ ጉልበቱን ወደ ላይ ከፍ አድርጉ።

7. ማንገቻዎቹን አጥብቁ። ምን ያህል? ጎንበስ ስትሉ ልጁ ከደረታችሁ ከተላቀቀ ላልቷል። በልጁና በእናንተ መካከል መዳፍ ገብቶ የሚንሸራሸርበት ቦታ ካለም ላልቷል። ብዙ እናት «እንዳይጨንቀው» ብላ ታላላዋለች። የሚያስጨንቀው መላላቱ ነው፣ ምክንያቱም የላላ ማዘያ ውስጥ ልጅ ወደ ታች ይሰጥምና ይጣጠፋል።

8. አሁን ወደ ታች እዩ። አንገታችሁን ሳታጣምሙ ፊቱ ይታያል? ጎንበስ ብላችሁ አናቱን መሳም ትችላላችሁ? በአገጩና በደረቱ መካከል ሁለት ጣት ይገባል? አፍንጫው ነፃ ነው? አንዱ እንኳ «የለም» ከሆነ አውጡትና እንደገና ጀምሩ።

ስምንተኛውን አንዴ አድርጎ መተው አይቻልም። መንገድ ላይ በየጥቂት ደቂቃው፣ ካጠባችሁ በኋላ ደግሞ የግድ። ልጁን ማዘያው ውስጥ እንዳለ ለማጥባት ዝቅ ስታደርጉት አቀማመጡ ይበላሻል። ጠብቶ ሲጨርስ አስገሱትና ወደ ቦታው ከፍ አድርጉት። ጡት እንደጎረሰ ተኝቶ መቆየት የለበትም።

ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ማዘል የሚወዱ አሉ፤ ልጁም መንገደኛውን ማየት ይወዳል። አንገቱን በደንብ ሳይችል፣ ማለትም ከ5 ወይም ከ6 ወር በፊት አይደረግም። ማዘያውም ለዚያ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። እንቅልፍ ሲመጣበት ወዲያው ወደ እናንተ አዙሩት፤ ወደ ውጭ ዞሮ የተኛ ልጅ ጭንቅላቱ ወደፊት ይደፋል።

ጀርባ ላይ ማዘል

የእናቴ ግዛት ነው፤ እዚህ ላይ እሷ መምህር እኔ ተማሪ ነኝ። ሁለታችን የተስማማንበት ይሄ ነው። ልጁ አንገቱን ሳይችል አይታዘልም። በባለ ቀበቶው ከሆነ ደግሞ ሲደገፍ መቀመጥ ሲጀምር፣ ወደ 6 ወር አካባቢ።

ከጉልበት ሸብረክ፣ ከወገብ ጎንበስ ብላችሁ ጀርባችሁን እንደ ጠረጴዛ አድርጉ። ሌላ ሰው ልጁን አንስቶ ከፍ አድርጎ ጀርባችሁ ላይ ያስቀምጠው። እናቴ ብቻዋን በአንድ ውርወራ ነው የምታዝለው፤ እናንተ እንዳትሞክሩት። እግሩ በወገባችሁ ግራና ቀኝ ይከፈት። ጨርቁ ወይም አንቀልባው ከመቀመጫው ሥር ጀምሮ እስከ ትከሻው ይያዘው፤ ጨርቁ ከጉልበት እስከ ጉልበት ይድረስ። የላይኛው ጠርዝ ከብብቱ በታች ከወረደ ልጁ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቋጥሩ። ቀና ከማለታችሁ በፊት ወዘወዝ በሉ። ቋጠሮው ሲላላ ካያችሁ እንደገና እሰሩ።

ጀርባ ላይ ያለ ልጅ አይታይም፤ ዋናው ጉድለቱ እሱ ነው። እኔ የስልኬን ካሜራ ወደ ራሴ አዙሬ በትከሻዬ በኩል አየዋለሁ። መስታወት ያለበት ሱቅ ስናልፍም ቆም እላለሁ። ባለ ሱቁ ራሴን የማደንቅ ይመስለዋል።

ውጭ ስትወጡ

ባጃጅ። ይሄን ደጋግሜ የማየው ስሕተት ስለሆነ ረዘም ላድርገው። እናት ልጇን እንዳዘለች ባጃጅ ትገባና ወደ ኋላ ትደገፋለች። ልጁ በእሷ ጀርባና በመቀመጫው መካከል ተጣበቀ ማለት ነው። ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ ለአንድ ፌርማታም ቢሆን አይደረግም። ከመግባታችሁ በፊት ልጁን ከጀርባ አውርዳችሁ ከፊታችሁ ያዙት። ሹፌሩ ቢቸኩል ይቸኩል፤ «ልጅ ላወርድ ነው፣ አንዴ» በሉት፣ አብዛኞቹ ያግዛሉ። ማዘያ የመኪና ወንበርም አይሆንም። ግጭት ሲመጣ ልጁን አይይዘውም፤ ይባስ ብሎ የእናንተ ክብደት ነው የሚያርፍበት። መኪና ያለው ሰው የሕፃን ወንበር ያስገጥም። ባጃጅ ላይ ያለን አማራጭ ትንሽ ነው፤ ከኋላ መሃል መቀመጥ፣ ልጁን በሁለት እጅ መያዝ፣ «ቀስ በል ወንድሜ» ማለት። ሞተር ሳይክል ላይ ግን ልጅ ታዝሎ አይወጣም፣ አለቀ።

ቁልቁለት ላይ፣ በተለይ ክረምት፣ ኮብልስቶኑ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው። የላስቲክ ስሊፐር አድርጋችሁ ልጅ አትዘሉ። ዕቃ ከመሬት ስታነሱ ከወገብ አትጎንበሱ፤ በጉልበት ቁጢጥ በሉ፣ አንድ እጅ ልጁ ላይ ይሁን። ቅዳሜ ገበያ ስትሄዱ ልጁን ከፊት ያዙት። ግፊያ ሲኖር ጀርባችሁ ላይ የሚደርሰውን አታዩም። ለጥምቀትም እንደዚሁ። ጥር 11 በፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ሕዝቡ ወደ ውሃው ሲገፋፋ ልጅ የያዘ ሰው ዳር ቢይዝ ይሻለዋል። ጠበሉ ዳርም ይደርሳል።

ስለ አለባበስ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነች፤ ጠዋት ያንቀጠቅጣል፣ እኩለ ቀን ያነዳል። ማዘያው ራሱ እንደ አንድ ልብስ ይቆጠራል፤ የእናንተ ገላ ደግሞ ምድጃ ነው። ቤት ውስጥ ከሚለብሰው አንድ ቀንሱለት። እግሩ ስለሚወጣ ረጅም ካልሲ አድርጉለት። ሞቆት እንደሆነ ለማወቅ እጁን አትንኩ፣ የሕፃን እጅ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ማጅራቱን ንኩ። ካላበው ቀንሱ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ምጣድ፣ ጀበና፣ ከሰል። ልጅ አዝሎ እንጀራ መጋገር እናቶቻችን አድርገውታል፣ አውቃለሁ። ግን ልጁ እጁን ሲዘረጋ ጀበናው የት እንዳለ አስቡ። ጭሱም ለሳንባው መጥፎ ነው። ቡና በእጅ ይዞ ልጅ ማዘልም አንድ መደናቀፍ ብቻ ነው የሚቀረው። ልጁን ለሌላ ሰው ስጡ፣ ቡናውን ጠጡ፣ መልሳችሁ እዘሉ። ሌላው፣ ደክሟችሁ ሶፋ ላይ ጋደም ስትሉ ልጁን ከማዘያው አውጡ። እንቅልፍ ሳያስፈቅድ ነው የሚወስደው።

አታዝሉ የምለው መቼ ነው

ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ክብደቱ ያነሰ ወይም የመተንፈስ ችግር ያለበት ልጅ በሐኪም ምክር ብቻ ይታዘል። ሆስፒታል ውስጥ ከ2.5 ኪሎ በታች ለሆኑ ሕፃናት የካንጋሩ እንክብካቤ የሚባለውን፣ ልጁን ራቁቱን ከእናት ደረት ጋር ገላ ለገላ ማሰርን ያስተምራሉ። ጥሩ ነገር ነው። አቀማመጡን ከነርሷ ጋር ተማሩ፤ ገበያ ከመውጣት ጋር ግን አንድ አይደለም። ጉንፋን አፍንጫውን ዘግቶት የሚያቃስት ልጅም ቤት ይዋል።

ታዝሎ ሳለ ካንኮራፋ፣ ካቃሰተ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም የከንፈሩ ቀለም ከተለወጠ፣ እዚያው ቆማችሁ አውጡት። ቀና አድርጋችሁ ካልተስተካከለ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። ሰው ምን ይለኛል አይባልም።

ስለ ማዘያው ራሱ አንድ ነገር ልጨምር። በየሳምንቱ ስታጥቡት ስፌቱን፣ በተለይ ማንገቻው ከጨርቁ ጋር የሚገናኝበትን ሳብ ሳብ አድርጉ። በረኪና አትጨምሩ፤ ክሩን ይበላዋል። ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ አታስጡት። ስፌቱ ሲተረተር ሰፊ ጋ ከመውሰድ መተው ይሻላል። የተጣለውን ደግሞ እንዲሁ አትወርውሩት፤ አንዷ ደህና መስሏት ታነሳዋለች። የእኔን ያቺን ከረጢት ማንገቻዋን በመቀስ ቆርጬ፣ ስፖንጇን አውጥቼ ትራስ አደረግኩት።